መጽሐፍ ከቃል እንደ ተወለደ፤ ስለ ድርሰት ዓይነቶች ታሪክ

የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአቄም ከልደተ ክርስቶስ አስቀድሞ በ604 ዓመት ገደማ የነቢዩን የኤርምያስን መጽሐፍ በጸሐፊ ካራ እየቀደደ ከምድጃው እሳት ጨመረው። ነቢዩ ግን እንደ ገና ተናገረ፤ ባሮክም ጻፈ፤ የፊተኛው ቃል ሁሉ ተመለሰ፥ ሌላም ብዙ ተጨመረበት። ይህ ስለ ምን ሆነ ቢሉ፥ ንጉሡ ያቃጠለው ክርታሱን ነው እንጂ ቃሉን አይደለምና።

መጽሐፍ ከቃል መወለዱ በድርሰት ዓይነቶች ሁሉ ይታያል። መዝሙር ቢሉ፥ እስራኤል ባሕሩን በተሻገሩ ጊዜ ሙሴ ዘመረ፤ ማርያምም ከበሮ ይዛ ሴቶችን መራች። ሙሾ ቢሉ፥ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያለቀሰውን ልቅሶ የይሁዳ ልጆች ይማሩት ዘንድ አዘዘ። ተረት ቢሉ፥ የጌዴዎን ልጅ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ቆሞ፥ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ወጡ ለሴኬም ሰዎች በታላቅ ድምፅ ነገራቸው። ምሳሌ ቢሉ፥ ከሰሎሞን ምሳሌ ከፊሉን ከ200 ዓመት በላይ ቆይተው የሕዝቅያስ ሰዎች ሰብስበው ጻፉት። ታሪክም ቢሉ፥ ሉቃስ ወንጌላዊ በዓይናቸው ካዩት የተቀበለውን በተራ ጻፈ።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሥርዓትም ከዚህ የተለየ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፥ ግዕዙ፥ ዕዝሉ፥ አራራዩ፥ ከ6ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲወርድ 1000 ዓመት ያህል ኖረ። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ በልብ የተጻፈውን ግን እሳት አላገኘውም። በዚያው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ አበው ይናገራሉ።

ትርጓሜም እንዲሁ ነው። ንባቡ በግዕዝ፥ ፍቺው በአማርኛ ሆኖ፥ በጎንደር ጉባኤ ሰፍቶ በቃል ሲወርድ ከቆየ በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. የወንጌል ንባቡና ትርጓሜው በአዲስ አበባ ታተመ። በገጹ ላይ ያለችው «አንድም» የምትል ቃል ዛሬም የመምህሩን አፍ ታሳያለች፤ ተማሪው ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ፍቺ ሲጨምርለት የሚናገራት ናትና።

ቅኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ለጥፋት የቀረበ ነው። ባለ ቅኔው ለዕለቱ በዓል ይቀኛል፤ ቅኔውም በማኅሌት አንድ ጊዜ ይሰማል፤ ሰሚ በልቡ ካልያዘው ወይም ካልጻፈው ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ኤርምያስ ባሮክ ነበረው፤ ደቀ መዝሙር ያጣ መምህር ግን ማን አለው? ጉባኤው የተፈታ እንደ ሆነ፥ ኢዮአቄም በእሳት ያልቻለው ያለ እሳት ይፈጸማል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚያሳትም ባለጸጋ ለመምህሩና ለተማሪውም ድርጎ ይቍረጥ፤ ተማሪውም የሰማውን ይጻፍ፥ የጻፈውንም በቃሉ ይያዝ።