የማይታየው ጉዳትና የመንግሥት ጥበቃ

ሰው በየዕለቱ የሚበላውንና የሚጠጣውን መንግሥት ሊቈጣጠርለት ይገባልን? ወይስ ለገዛ ፈቃዱ ሊተውለት? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም፤ በአገራችን ታሪክም ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቶታል።

ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከለከሉ፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበም አፍንጫው እንዲቈረጥ ማዘዛቸው ይተረካል። ይሁን እንጂ ትምባሆ ከአገር አልጠፋም፤ ከጠላት ወረራ በኋላማ መንግሥት ራሱ በሞኖፖል ይዞ ለብዙ ዓመታት ሸጠው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ግን ሌላ መንገድ ያዘ። አጫሹን ከመቅጣት ይልቅ፣ ጢሱ በመሥሪያ ቤትና በሕዝብ ማመላለሻ ሌላውን እንዳይጐዳ፣ 21 ዓመት ላልሞላውም ወጣት እንዳይሸጥ ደነገገ።

የትምባሆ ጢስ በዐይን ይታያል፤ ሽታውም ይታወቃል። ጉዳቱ የማይታይና የማይሸት ሲሆንስ? ለዚህ ጥያቄ ከአዳማ ወደ አርሲ በሚወስደው መንገድ፣ በአዋሽ ዳር ያለው የመልካሳ አካባቢ ምሳሌ ይሆነናል።

የስምጥ ሸለቆ ዐለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ በመሆኑ፣ ከጉድጓድ የሚቀዳው ውኃ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፣ በሸለቆው አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊግራም በላይ ተገኝቷል። ከመልካሳ በማይርቀው በወንጂ የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የጉድጓዱን ውኃ ለብዙ ዓመታት ከጠጡት ሠራተኞች መካከል አጥንታቸው ደርቆ ጀርባቸው የጐበጠ መኖራቸውን ሐኪሞች በ1960ዎቹ ዓ.ም. አረጋገጡ። በዚያ ያደጉ ልጆችም ጥርሳቸው በለዘ።

ውኃው ግን ሲታይ የጠራ ነው። እናት ለልጇ አስባ ብታፈላው እንኳ ፍሎራይዱ አይጠፋም፤ ውኃው በተነነ መጠን ይበረታል እንጂ። አበው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት በዚህ ላይ ተፈጸመ። እንግዲህ ይህች እናት ወድዳ መረጠች ይባላልን?

መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። በመልካሳ በተቋቋመው ፋብሪካ ሲመረት የቆየው አሉሚኒየም ሰልፌት ከኖራ ጋር በልክ ሲቀላቀል ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጣል። በህንድ አገር ከተማ በናልጎንዳ ስም የሚጠራው ይህ ዘዴ በሸለቆው ተሞክሯል። ነገር ግን በየቀኑ መመዘን፣ ማማሰልና አተላውን መድፋት ይጠይቃል፤ ልኩ ከተሳተ ውኃው ራሱ ይበላሻል። ይህን ሁሉ በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ መጣል ጥበቃ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ዜጋ ዐውቆ በራሱ ላይ ብቻ በሚያደርሰው ጉዳት መንግሥት ይምከረው፤ በሌላው ላይ የሚያደርሰውን በሕግ ይከልክለው፤ ማንም በዐይኑ አይቶ በምላሱ ቀምሶ ሊለየው የማይችለውን ግን መንግሥት ራሱ መርምሮ ያስወግድለት። ሌላ ውኃ ሳያመጡ ጉድጓድ መዝጋት ጥማትን ማወጅ ነው። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምታረቅቁ ወገኖች፣ «ይከለከላል» የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት «በምን ይተካለታል?» ብላችሁ ጠይቁ።