የፈረሰኛው ጋሻና የሠሪው እጅ
የወሎ ፈረሰኛ ትጥቅ ታሪክ በከሚሴ አካባቢ ሕፃናት የእጅ ሥራ

መግቢያ

ሕፃናት በየትም አገር የጀግና ልብስ ለብሰው መጫወት ይወዳሉ። የአውሮፓ ልጆች የብረት ጥሩር የለበሰውን የመካከለኛውን ዘመን ፈረሰኛ ትጥቅ ከካርቶን ይሠራሉ። በፈረንሳይኛ «ሸቫልዬ» የሚባለው ማዕረግ «ሸቫል» ከሚለው የፈረስ ስም የወጣ ነው፤ «ፈረሰኛ» የሚለው የአማርኛ ቃልም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ስለሆነም በቦርከና ሸለቆ የምትገኘው የከሚሴ ከተማና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕፃናት የፈረሰኛ ትጥቅ ሠርተው ለመጫወት ቢሹ፣ ምሳሌውን ከሩቅ አገር መበደር አያስፈልጋቸውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወሎን ፈረሰኛ ትጥቅ ታሪክ በአጭሩ መግለጽና በዚህ ታሪክ ውስጥ ሲዘነጋ የኖረውን የትጥቁን ሠሪ ማስታወስ ነው።

ፈረሰኛውና ትጥቁ

የወሎ ኦሮሞ ፈረሰኞች በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከፍ ያለ ዝና ነበራቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዐድዋ ጦርነት ራስ ሚካኤል የወሎን ጦር መርተው ተሰልፈዋል። በዚያ ዘመን ፈረስ ለታላላቅ ሰዎች መጠሪያ ጭምር ነበር። ራስ ሚካኤል «አባ ሻንቆ»፣ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» ይባሉ ነበር።

ፈረሰኛው ጋሻና ጦር ይይዛል፤ ማዕረጉ ከፍ ያለ ከሆነ ለምድ ይደርባል፣ ከአንበሳ ጋማ የተሠራ ጎፈር በራሱ ላይ ያደርጋል። ኮርቻው በቆዳ የተለበጠ እንጨት ነው። እርካቡም ባዶ እግሩን የሚጋልብ ሰው አውራ ጣቱን ብቻ የሚያስገባበት ትንሽ ቀለበት ነበር። ጋሻው ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከበሬ ቆዳ ይሠራል። ቆዳው ተነክሮ ከለሰለሰ በኋላ ይወጠራል፤ መካከሉ ወደ ውጭ እንዲጎብጥ ተደርጎ ይደርቃል፤ በስተውስጥ መያዣ ይበጅለታል። የመኳንንቱ ጋሻ በከፋይና በብር ያጌጥ ነበር።

በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ በሸዋ ጦር ድል ሆኑ። መድፍና መትረየስ በተሰለፈበት ዘመን የቆዳ ጋሻ ሰውን ከሞት አያድንም፤ ስለሆነም ጋሻ ቀስ በቀስ የክብር ጌጥ ሆነ። የፈረሰኛው ጥበብ ይበልጥ የቆየው በጉግስ ጨዋታ ነው። በጉግስ አንዱ ወገን እያሳደደ ብረት የሌለበትን ዘንግ ይወረውራል፤ ሌላው እየሸሸ በጋሻው ይመክታል።

የተዘነጋው ሠሪ

ታሪክ ጋላቢውን በስሙና በፈረሱ ስም ሲያነሣ ጋሻውን የወጠረውን፣ ልጓሙንና የጦሩን ብረት የቀጠቀጠውን ሰው ግን አያነሣም። ከዚህም በላይ እነዚህ ባለሙያዎች «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ነበር፤ ከሌላው ሕዝብ ጋር መጋባትም ይከለከሉ ነበር። አገር የተጠበቀበት ትጥቅ ከተናቀ እጅ የወጣ መሆኑ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ይሁን እንጂ ለዘመናት የኖረ ንቀት በአዋጅ ብቻ አይጠፋም፤ ስድቡ ዛሬም በልጆች አፍ ሊሰማ ይችላል።

ታሪኩ በክፍል ውስጥ

ይህን ታሪክ ለማስተማር በአካባቢው የሚገኘው ዕቃ በቂ ነው። አሮጌ ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየተለጠፈ በተደፋ ገበቴ ጀርባ ላይ ተደራርቦ ሲደርቅ የጎበጠ ጋሻ ይወጣዋል። የማሽላ አገዳ የፈረሱ አካል፣ ሣር የተጠቀጠቀበት ጨርቅ ራሱ፣ የቃጫ ገመድ ልጓሙና ጋማው ይሆናል። ጆንያ ደግሞ ለምድ ይሆናል። ወረቀቱ ሳይደርቅ ከገበቴው የተነሣ እንደሆነ ጋሻው ይጣመማል። ሕፃኑ ትዕግሥት ከሌለ ጋሻ እንደማይወጣ በዚህ ጊዜ ይረዳል፤ የቆዳ ባለሙያውን ድካምም ከመምህሩ ቃል ይልቅ ከእጁ ይማራል። በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ስለሚሰጥ «ፈርዳ»፣ «ጋቻና»፣ «ኤቦ» የሚሉት የፈረስ፣ የጋሻና የጦር ስሞች ከአማርኛዎቹ ጋር ጎን ለጎን ሊጠኑ ይችላሉ።

ጦሩን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ ያሻል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ከሚሴ ከተማ ድረስ ዘልቋል፤ የአካባቢው ሕፃናትም መሣሪያን የሚያውቁት በሥዕል ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሹል ነገር ሳይሠራ በጋሻው፣ በፈረሱና በለምዱ መወሰን፣ ጨዋታውንም በመመከት ላይ ብቻ ማዋል ይበጃል።

መደምደሚያ

በትምህርቱ ፍጻሜ እያንዳንዱ ተማሪ ለፈረሱ ስም ያወጣል፤ በጋሻው በስተውስጥ ደግሞ የሠሪውን፣ ማለትም የራሱን፣ ስም ይጽፋል። ጋላቢውና ሠሪው በአንድ ሕፃን እጅ ላይ በእኩል ክብር የተገናኙ እንደሆነ ትምህርቱ ዓላማውን መትቷል ማለት ይቻላል።