ሁለት የካቲቶች፦ የአልፕስ በረዶ፣ የወሎ አምባዎችና ካሜራው



የዛሬው ርእሴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ በተለምዶ ስኪ የምንለው፣ ከዚያም ክረምቱን በተራራ ላይ አሳልፎ ያንኑ በፊልም መቅረጽ፣ ከእኛ ተራሮች ጋር ምን ያገናኘዋል? ግንኙነት አለው፤ ሰላማዊ ግን አይደለም።

በቃሉ ልጀምር። ለአምባሰል ገበሬ ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ፣ የጉምና የወንዝ ሙላት ወራት ነው። «የክረምት ኦሎምፒክ» ብለን የተረጎምነው ውድድር ግን የሚካሄደው በጥርና በየካቲት፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ ደርቆ ሳለ ነው። ነገሩ የትርጉም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። የአውሮፓ ክረምት የእኛ በጋ መሆኑ ግን፣ ጥቂት ቆይተን እንደምናየው፣ በጦርነት ታሪካችን ውስጥ ከባድ ቦታ አለው።

በረዶም እንዲሁ ነው። ግእዝ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ እያለ የሚለያቸውን ነገሮች አማርኛችን በአንድ ቃል ያጠቃልላቸዋል፤ ከደመና የሚወርደውም ጠጠር፣ የረጋውም ውሃ፣ ተራራ የሚያለብሰውም ነጭ ነገር ሁሉም በረዶ ነው። አመዳይ የሚል ቃል ቢኖረንም በአብዛኛው የምንጠቀምበት ለሌሊት ውርጭ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ዳዊት ሲደግሙ በመዝሙር 50 ከበረዶ ይልቅ ነጭ መሆንን ይለምናሉ። ለብዙዎቹ ግን በረዶው በብራና ላይ የተነበበ እንጂ በእግር የተረገጠ አልነበረም።

የተረገጠበት ቦታ ግን በሀገራችን አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስጤስ አዱሊስ ላይ ከድንጋይ የገለበጠው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ ስለ ሰሜን ተራሮች ሲናገር በረዶው ጥልቅ ከመሆኑ የተነሣ ሰው እስከ ጉልበቱ እንደሚሰምጥ ይገልጻል። ይህን ዝርዝር አትለፉት። ስኪ ማለት በመሠረቱ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች የሰውን ክብደት በሰፊው አከፋፍለው እንዳይሰምጥ ያደርጉታል። የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች በረዶው ለወራት ስለሚቆይባቸው መሣሪያውን ፈጠሩ። የእኛው በረዶ ግን ፀሐይ ሲወጣ ስለሚሟሟ መፍጠር አላስፈለገንም። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ተራሮች በረዶ አላየሁም ቢል፣ ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ማየቱን መስክሮ ብሩስ ከተራሮቹ ግርጌ እንዳላለፈ አስታውሷል። ግርጌ ቆሞ ስለ ጫፍ የመጻፍ ልማድ፣ በቅንፍ ልበለውና፣ በብሩስ አልተጀመረም፤ በእርሱም አላበቃም።

ወደ ካሜራው ልሻገር። ስኪና ፊልም እንደ መንትያ ያደጉት በጀርመን ነው። በሥነ ምድር ዶክተር የነበረው አርኖልድ ፋንክ በ1920 እ.ኤ.አ. ስለ ስኪ ተአምር የሚተርክ ፊልም ሠራ። እርሱና የካሜራ ባለሙያዎቹ ከባዱን መሣሪያ ተሸክመው፣ ራሳቸው እየተንሸራተቱ፣ ክረምቱን በተራራ ላይ እየዋሉ ይቀርጹ ነበር። ከዚህ ሥራ «የተራራ ፊልም» የሚባለው ዘርፍ ተወለደ። ሌኒ ሪፈንሽታል የፊልም ሕይወቷን የጀመረችው በፋንክ ፊልም ተዋናይት ሆና ነው። የፋንክ የካሜራ ሰው የነበረው ዜፕ አልጋየርም በኋላ የናዚን ጉባኤ ለቀረጸችበት ፊልሟ ካሜራ ይዟል። ፊልሞቹን ውብ አይደሉም ማለት አልችልም፤ ውብ ናቸው። ይሁን እንጂ በእነርሱ ውስጥ ተራራው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ነጭ፣ ስም የለሽ፣ የሚያሸንፈውን ሰው የሚጠብቅ ነው። ለዚህ ዓይን ስም ብሰጠው «ተራራን ባዶ አድርጎ የሚያይ ዓይን» እለዋለሁ።

አሁን ወደ 1928 ዓ.ም. እንምጣ። ጣልያን መስከረም 22 ቀን፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ወረራውን ጀመረች። እቅዱ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ መጨረስ ነበር። ስለዚህ የአምባዎቹ ጦርነት የተካሄደው በእኛ በጋ፣ ማለትም አልፕስ በበረዶ በተሸፈነበት፣ የስኪ ወቅት በሆነው ጊዜ ነው። የቀን መቁጠሪያዎቹን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ የሚከተለውን እናያለን። ከጥር 28 እስከ የካቲት 8 ቀን በባቫሪያ፣ በጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን፣ የክረምት ኦሎምፒክ ይካሄድ ነበር። የካቲት 6 ቀን የወታደራዊ ጥበቃ ውድድር ተደረገ፤ ወታደሮች ጠመንጃ ተሸክመው በስኪ የሚሮጡበትና ዒላማ የሚመቱበት ነው። ያሸነፈው የጣልያን ቡድን ነበር። በማግስቱ፣ የካቲት 7 ቀን፣ የራስ ሙሉጌታ ጦር ይዞት የነበረው አምባ አራዶም በጣልያኖች እጅ ወደቀ። በእንደርታው ውጊያ ከተሰለፉት ክፍሎች አንዱ የአልፒኒ፣ ማለትም የተራራ ወታደሮች፣ ክፍለ ጦር የሆነው ፑስተሪያ ነበር። ይኸው ክፍለ ጦር መጋቢት 22 ቀን በማይጨውም ተዋግቷል።

ይህን የአጋጣሚ ነገር አድርገው የሚወስዱ አሉ። ለእኔ ከአጋጣሚ በላይ ነው። የአልፒኒ ወታደር የሚሠለጥነው በአልፕስ ተራሮች ነው፤ ስኪ የሥልጠናው አካል ነው፤ ገደል መውጣትም እንዲሁ። ስኪው አገሩ ቀረ፤ ተራራን የሚያይበት ዓይን ግን አብሮት መጣ። ካሜራውም መጣ። ሉቼ የተባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ዘመቻውን ቀረጸ፤ ከተቀረጸውም በ1936 እ.ኤ.አ. ኮራዶ ዴሪኮ «የጀግኖች ጉዞ» የሚል ፊልም አወጣ። በሉቼ የዘመቻ ምስሎች መድፍ፣ አውሮፕላን፣ ዳገት የሚወጣ ሰልፍ ታያላችሁ። የመርዝ ጋዙን አታዩም። አምባው ላይ ማን እንደሚኖር፣ ምንጩ ማን እንደሚባል፣ ቤተ ክርስቲያኑ የትኛው ታቦት እንደሆነ አይነገራችሁም።

ይህ ለአምባሰል ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ግሸንን ላንሣ። ግሸን አምባ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው። ለረጅም ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት፣ ከዚያም የመስቀሉ ግማድ ያረፈበት ተብሎ የሚከበር ቦታ ነው። በመስከረም 21 ምዕመናን ይወጡበታል። በሐይቅም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጀምሮ መጽሐፍ ሲጻፍ፣ ሲሰበሰብና ሲማሩበት ቆይቷል። የእኛ አምባ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ስም፣ ጸሎትና ባለርስት የሞላበት ነው። ተራራን ባዶ አድርጎ የሚያየው ዓይን በዚህ ቦታ ላይ ሲያርፍ መልክዓ ምድር ብቻ አያሳይም፤ ሰውንም ከቦታው ይነቅላል።

በእኛ ወገን ካሜራ አልነበረም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ነበር፤ የእኛ ግን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ባደረጉ ጊዜ የውጭ ጋዜጠኞችና የፊልም ሰዎች ተከትለዋቸው መጥተው ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብም እዚያው ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን ጣልያኖች ደሴ ሲገቡ መቅረጹ የድል አድራጊው ሥራ ሆነ። ስለዚህ የወሎ ተራሮች በተንቀሳቃሽ ምስል የሚታዩበት የመጀመሪያው ትልቅ ክምችት የተሠራው በጠላት እጅ ነው።

ሁለተኛው የካቲት 70 ዓመት ቆይቶ መጣ። የካቲት 10 ቀን 1998፣ ከሰማዕታት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በጣልያን አልፕስ ፕራጀላቶ በተባለ ስፍራ፣ በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ የ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ላይ ሮቤል ተክለማርያም ለኢትዮጵያ ተሰለፈ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ ስኪን እዚያ የተማረ ሰው ነው። ሀገራችን በክረምት ኦሎምፒክ ስትወከል የመጀመሪያዋ ነበር፤ ተወካዩም እርሱ ብቻ ነበር። በረዶ በሌለበት ደግሞ ጎማ ባለው ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። 83ኛ ወጣ። በ2002 በቫንኩቨር እንደገና ተወዳደረ። ጋዜጦች ነገሩን እንደ ተአምር ወይም እንደ ቀልድ ጽፈውት ነበር፤ «የሯጮች ሀገር ልጅ በበረዶ ላይ» እንደማለት። እኔ ውጤቱን አላናንቅም፤ አላጋንንምም። ለታሪክ ተማሪ የሚያስደንቀው ሌላ ነው፦ በጣልያን ተራራ ላይ፣ በካሜራ ፊት፣ ኢትዮጵያዊ በስሙ ተጠርቶ፣ ባንዲራው ከጎኑ ተጽፎ ታየ። ይህን በ1928ቱ ፊልም ውስጥ ከሚታዩት ስም የለሽ ሰዎች አጠገብ አስቀምጡት።

ስለ ሥራው ልናገርና ላብቃ። የሉቼ ክምችት ዛሬ በሮም ተጠብቆ ይገኛል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም መዘክር መዝገብ ገብቷል፤ ብዙው ክፍልም በኢንተርኔት ይታያል። ለተማሪዎቼ የምሰጠው መመሪያ አጭር ነው። ምስሉን ክፈቱ፤ የተራኪውን ድምፅ ዝጉ፤ ከዚያ ከሀገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ እያቆማችሁ ጠይቁ፦ ይህ ጉብታ ማን ይባላል? ይህ ዛፍ የየትኛው ደብር ነው? ይህ መንገድ ወዴት ይወጣል? መልሱን ከነጠያቂውና ከነመላሹ ስም ጻፉ። አንዳንዱ ቦታ አይታወቅም፤ አንዳንዱን ሁለት ሽማግሌዎች በሁለት ስም ይጠሩታል፤ ሁለቱንም መዝግቡ።

ከአምባሰል የመጣችሁ አባቶች ዛሬ ስላላችሁ፣ ከሻይ በኋላ ጥቂት ደቂቃ የሚሆን ምስል እናሳያችኋለን። ድምፁን ዘግተነዋል።