የእሌኒ ወይን

ባለፈው ሰሞን ሆሳዕና ያስተማርኩት ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ዝዋይ የተመረተ አካሽያ፣ "ድራይ" የሚሉት። "እናቴ ቤት ይዤው አልገባም፣ የቃለ ሕይወት ሰው መሆኗን ያውቃሉ" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ያለው ግን ከነከነኝ፦ "መምህር፣ ወይን የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ እኛን ሐድያዎችን ምን አገናኘን?"

ለእሱ የመለስኩትን ለእናንተም ልጻፈው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ንግሥት እሌኒ የሐድያው ገራድ መሐመድ ልጅ ናት። ሙስሊም ቤት ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። ልብነ ድንግል በ1508 ገና በልጅነቱ ሲነግሥ ሀገር ያስተዳደረችው እሷ ነበረች። በቀይ ባሕር በኩል ያለው ነገር ስላሰጋት ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላከች። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ምጽዋ ሲደርሱ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብሯቸው ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ።

አልቫሬዝ ወይንንም አልዘለለም። ከወይን ፍሬ የተሠራ ጠጅ በይፋ የሚገኘው በሁለት ቤት ብቻ ነው ይላል፦ በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት። ሌላው ዘቢብ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ ይቀድስበት ነበር። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዛሬም ለቁርባን የሚዘጋጀው በዘቢብ ነው።

እንግዲህ ወይን ነበረን፤ የተራው ሰው መጠጥ ግን አልነበረም። ሕዝቡ ጠላና ጠጅ ነበረው፣ እኛ ጋ ደግሞ ቦርዴ። በኋላ አዋሽ መጣ፤ ጉደርን፣ አክሱማይትንና ክሪስታልን የማያውቅ የለም። የፈረንሳዩ ካስቴል ደግሞ ከቦርዶ ችግኝ አምጥቶ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ወጡ። ከሆሳዕና በቡታጅራ አድርገው ቢሄዱ ሩቅ አይደለም።

"ድራይ" ምንድን ነው ለምትሉ፦ እርሾው የወይኑን ስኳር በልቶ ሲጨርስ ጣፋጭነቱ ይጠፋል፣ የሚቀረው ኮምጠጥ ያለ ንጹሕ ጣዕም ነው። ነጭ የሚሆነው ደግሞ ጭማቂው ከልጣጩ ቶሎ ስለሚለይ ነው። የማር ጠጅ የለመደ ምላስ መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል። ብዙ ሰው ወይን በኮካ የሚቀላቅለው ወዶ አይደለም!

ልጄ፣ እናትህ አለመጠጣቷ መብቷ ነው፣ አከብረዋለሁ። መጠጣት ሌላ፣ ታሪክ ሌላ። ያ የወይን ወሬ የተጻፈው አንዲት የሐድያ ልጅ መልእክተኛ ስለላከች ነው። እሷን ሳይጠሩ አልቫሬዝን መተረክ አይቻልም።

እውነቱን ልናገር? ጥፋቱ የኔም ነው። ክፍል ውስጥ እሌኒን "የዘርዐ ያዕቆብ ሚስት" ብዬ በአንድ መስመር አልፌያት ነበር። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የነገሥታቱን ስም ነው፤ ሐድያ የሚለው ቃል ከ"ግብር ገባ" ጋር ብቻ ነበር የሚነሳው። የሆሳዕናም የዱራሜም ልጅ ታሪክ ሌላ ቦታ ነው ያለው ብሎ ቢያድግ ምን ይገርማል? አሁን የምታስተምሩ ተማሪዎቼ፣ እናንተ እንኳ እንደኔ አትለፏት።

ጠርሙሱ ገና አልተከፈተም። ብቅ በሉ፤ ለማትጠጡት ቡና አለ።