የሕክምና ተማሪና የልዩ ሙያ ምርጫ፦ ከጎንደር እስከ ደሴ

ከገራዶ ተነሥቶ ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚሄድ ገበሬ የሚያሳስበው ከሕመሙ መዳኑ እንጂ የሐኪሙ የትምህርት ታሪክ አይደለም። ይሁን እንጂ ዓይኑ የታመመው ሰው የዓይን ሐኪም፣ አእምሮው የታወከው ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ማግኘት አለማግኘቱ፣ ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ በየትኛው የሕሙማን ክፍል ቆሞ ምን እንዳየ ከሚለው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው። ተማሪ ያላየውን ዘርፍ አይመርጥምና። የአገራችን የሕክምና ትምህርት ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

በደምቢያ የተነሣው ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ለጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ መቋቋም አንዱ ምክንያት ነበር። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ዓላማው ልዩ ሐኪም ማፍራት ሳይሆን፣ ለገጠሩ ሕዝብ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ማሠልጠን ነበር። ሦስቱም ዓይነት ሠልጣኞች በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየወጡ አብረው ይሠሩ ነበር። የምርጫው በር ጠባብ ቢሆንም፣ ሠልጣኙ የሚጠብቀውን የሥራ ሸክም ከመመረቁ በፊት ያውቀው ነበር። ከጤና መኮንኖቹም አያሌዎቹ ኋላ ወደ ሕክምና ትምህርት ገብተው ሐኪሞች ሆነዋል።

በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። በ1970ዎቹ መባቻ የጎንደሩ ኮሌጅ ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ጅማም በዚያው ዐሥርት አጋማሽ ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ይዞ ተከተለ። የልዩ ሙያ ሥልጠና በአዲስ አበባ የተጀመረውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ልዩ ሐኪም ለመሆን ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ስለነበር፣ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ከዝንባሌ ይልቅ በተገኘው የነፃ ትምህርት ዕድል ላይ ያረፈ ነበር።

የአገር ውስጥ ሥልጠና ሲስፋፋም የተማሪው ዕይታ በእኩል አልሰፋም። የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት እንዲሁም የማኅፀንና ጽንስ ሕክምና ከተማሪው ጊዜ አብዛኛውን ይይዛሉ፤ የኢንተርንነት ዓመቱም በዋናነት የሚያልፈው በእነዚሁ ክፍሎች ነው። የዓይን፣ የቆዳ፣ የአእምሮ፣ የሰመመን ሕክምናና ራዲዮሎጂ በጥቂት ሳምንታት ይታለፋሉ። አራቱ ዘርፎች የብዙኃኑን ሕመም የሚያክሙ በመሆናቸው ድልድሉ ምክንያት አለው። ጉዳቱ ግን ተማሪው በችኮላ ያለፈበትን ክፍል እንደ ትንሽ ሙያ አድርጎ መቁጠሩ ነው።

ዕይታ ምርጫን እንዴት እንደሚለውጥ የአእምሮ ሕክምና ጥሩ ምስክር ነው። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ የአእምሮ ሐኪም መሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት፤ በመላ አገሪቱም የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናውን ጀመረ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም እየተመላለሱ አገዙት። ከዚህ በኋላ ተማሪው በአማኑኤል ሆስፒታል ሕሙማንን ብቻ ሳይሆን፣ ሙያውን የመረጡ ታላላቆቹን ጭምር ለማየት በቃ። የድንገተኛ ሕክምናም በ2003 ዓ.ም. ተመሳሳዩን መንገድ ተከተለ።

በ2004 ዓ.ም. መንግሥት 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጊዜ ሲከፍት የተማሪው ቁጥር እጅግ አሻቀበ። ብዙ ተማሪ በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲቆም የኋለኛው የሚያየው የባልንጀራውን ጀርባ ነው። በደሴ ደግሞ ሌላ መከራ ተጨመረ፤ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት በተያዘችበት ወቅት ሆስፒታሉም የወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈዋል። መሣሪያው የሌለበት ክፍል ሕመምተኛውን ሳያክም፣ ተማሪውንም ሳያስተምር ይቀራል።

ይሁን እንጂ አካባቢው ያለ ሀብት አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ስሙ የታወቀው ቦሩ ሜዳ፣ በሥጋ ደዌ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና የታወቀ ሆስፒታል አለው። በዚያ ጥቂት ሳምንታት የሚያሳልፍ ተማሪ፣ ጣቱ የደነዘዘውን ሕመምተኛ ሲመረምር፣ በመጽሐፍ ጥቂት ገጽ የተሰጠው ዘርፍ ለአንድ ሰው መላ ሕይወቱ መሆኑን ይረዳል።

እንግዲህ ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ትጋትን ይጠይቃል። ተማሪው ለልዩ ሙያ ብሔራዊ ፈተና ከመቀመጡ አስቀድሞ፣ ራሱ በመረጠው ዘርፍ የሚቆይበት ጊዜ ሊመደብለት ይገባል። መምህሩም የሙያውን ክብር ብቻ ሳይሆን የሌሊት ተረኝነቱን፣ የመሣሪያ እጦቱንና የገቢውን ነገር ሳይሸሽግ ሊያወያየው ይገባል። በፈተና ውጤቱ ብቻ ተገፍቶ ወደ አንድ ዘርፍ የገባ ሐኪም ሥራውን እንደ ዕዳ ሊቆጥረው ይችላል። አይቶና መዝኖ የገባው ግን የከበደው ቀን ሲመጣ ለምን እንደመረጠው ያውቃል፤ ከገራዶ የመጣው ገበሬም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሐኪም ነው።