ጣርማ በርና የመንዝ መንገድ

ሐውልትን ሰው ቆሞ ያየዋል፤ መንገድን ግን ይሄድበታል። ስለዚህ የአንድን አገር ታሪክ ለመመርመር የፈለገ ሰው፥ የነገሥታቱን ዜና ካነበበ በኋላ መንገዱንም ማን፥ ለማንና በምን እንደ ሠራው ሊጠይቅ ይገባዋል።

መንዝ፥ ግሼና መርሐቤቴ በተፈጥሮ የታጠሩ አገሮች ናቸው። በምዕራብ ጀማና ወንጪት የቈረጡት ጥልቅ ሸለቆ፥ በምሥራቅ ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል ለአርበኛ መልካም ምሽግ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ጠላትን የሚከለክል ገደል ወዳጅንም ይከለክላል። የመንዝ ሰው ገብሱንና ባናውን በአህያ ጭኖ፥ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ ዘመናት አልፈዋል።

በአገራችን የመንገድን ነገር አጥብቀው ካሰቡት ነገሥታት አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በ1860 ዓ. ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጕዙ፥ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ጭምር እያነሡ ጐዳና አስጠርገዋል። ሆኖም ያ መንገድ ለአንድ ዘመቻ የታሰበ ነበር።

በሰሜን ሸዋ ተራራው የተበሳው በጠላት ወረራ ዘመን፥ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ባለው ጊዜ ነው። ፋሽስት ኢጣልያ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አሥመራ የሚወስደውን መንገድ ስትሠራ፥ ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ 587 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ አስበሳች። የታሰበው ጦርና ስንቅ ለማመላለስ ነበር። ነገር ግን ራስ አበበ አረጋይና የሸዋ አርበኞች በገደሉ ተጠግተው አገሩን ለጠላት አላስገዙም። መንገድ ብቻውን ሕዝብን አያስገዛም፤ ጠላት ሄደ፥ መንገዱ ለባለ አገሩ ቀረ።

ከነጻነት በኋላ ጕዳዩ የመሥራት ብቻ ሳይሆን የመጠበቅም ሆነ። በ1943 ዓ. ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የደጋ መንገድ ዋና ጠላቱ ውሃ ነውና፥ ቦይ ያልተቈፈረለትና ካብ ያልተካበለት ጐዳና በክረምት ጐርፍ ይናዳል።

ለዚህ ጥበብ የመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። ቤቱን በድንጋይ ይሠራል፤ እርሻውን በካብ ያጥራል። የጓሳንም ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዲበቃ፥ አባቶች ለዓመታት ከልለው በተወሰነ ጊዜ ብቻ ያስጭዱት ነበር። ይህ ሥርዐት እስከ 1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ጸንቶ ቆይቷል፤ ዛሬም የጓሳ ምድር በማኅበረ ሰቡ ጥበቃ ሥር ይገኛል።

በ2000 ዎቹ ዓ. ም. በአገራችን ከተሞች የተስፋፋው የጥርብ ድንጋይ ንጣፍም ይህንኑ ያስታውሰናል። ድንጋዩ ከአቅራቢያ ይፈለጣል፤ ወጣቶች ይጠርቡታል፥ ያነጥፉታል፤ ሲበላሽ ተነቅሎ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። የተከፈለውም ገንዘብ በአገር ይቀራል።

እኛም እንዲህ እንላለን፤ ከተማን ከከተማ፥ ደጋን ከቆላ የሚያገናኝ አዲስ መንገድ ሲታሰብ፥ ማሽኑ ከሚመጣበት ቀን አስቀድሞ፥ ማሽኑ ከሄደ በኋላ ቦዩን የሚጠርገውና ካቡን የሚጠግነው ማን እንደ ሆነ ይታሰብ። በጣርማ በር ተራራውን የበሳው ባዕድ ነበር፤ መንገዱን ማቆየት ግን የባለ አገሩ ፈንታ ነው።