ቡትቶና ጆንያ ምንጣፍ የሆኑበት ታሪክ



ከእድራችን እናቶችና እህቶች ጥቂቶቹ አሮጌ የሱፍ ልብስ በቀጭኑ እየቆረጡ በጆንያ ላይ ምንጣፍ ለመሥራት አስበዋል። ሐሳቡ ደግ ነው። እድራችን ቀብር ያስፈጽማል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል። ከአርባው በኋላ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ጓዳዋን በምን ትሞላው? ለዚህ እስካሁን የረባ መልስ አልሰጠንም። ስለዚህ ሙያው ከየት እንደመጣና የሠሩት ሰዎች ምን እንዳገኙበት አስቀድሞ ማወቅ ይገባል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ እንናገር። ሥራው ሽመና አይደለም፤ ጥልፍ ለማለትም ያስቸግራል። ጆንያው ታጥቦ በእንጨት ፍሬም ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ንድፉም በከሰል ይሣልበታል። አሮጌው ኮት ወይም ጉርድ ስፌቱ ተፈትቶ በሙቅ ውኃ ይታጠባል። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ስለሚኮማተርና ስለሚጠብቅ፣ ቢቆርጡት ጫፉ በቀላሉ አይተረተርም። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ሰፋ እያለ በረጅሙ ይቆረጣል። ግራ እጅ ቁራጩን ከጆንያው ሥር ይይዛል። ቀኝ እጅ ደግሞ ኪሮሽ የመሰለ መንጠቆ ከላይ በቀዳዳው አስገብቶ ቁራጩን በመሳብ ትንሽ ቀለበት ያወጣል። እንዲህ እየተባለ ጆንያው እስኪሸፈን ይቀጥላል። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም። አንዱን ቀለበት ብቻውን በጣት ቢስቡት ይወጣል፤ ሁሉም ተጠጋግተው ሲቆሙ ግን እርስ በርስ ስለሚያያዙ ምንጣፉ ለብዙ ዓመት ይረገጣል።

ድሪቶ ሲደረት ላየ፣ ባና ለብሶ ላደገ ሰው ነገሩ ባዕድ አይመስልም። ይሁን እንጂ በዚህ መልኩ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ማለትም በአሜሪካው የሜይን ክፍለ ሀገርና ዛሬ በካናዳ ሥር ባሉት በኒው ብረንስዊክ፣ በኖቫ ስኮሺያና በኒውፋውንድላንድ ነው። አገሩ ብርዱ የከፋ፣ ሕዝቡም በአብዛኛው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነበር። የፋብሪካ ምንጣፍ ለባለጸጋ እንጂ ለድኻ አይደርስም። ታዲያ በዚያው ዘመን ጆንያ መጣ። ከ1830ዎቹ ጀምሮ የቤንጋል ቃጫ በስኮትላንድ ከተማ በዳንዲ በመኪና ይፈተል ስለነበር፣ የቃጫ ከረጢት እህልና ሸቀጥ ተሞልቶ በየወደቡ ይራገፍ ጀመር። ባዶ ጆንያ ዋጋ የለውም፤ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ግን መንጠቆ ያስገባል። መንጠቆውንም ከቆልማማ ምስማርና ከእንጨት እጀታ እቤታቸው ይሠሩት ነበር። በክረምት ወራት ሴቶቹ ቡትቷቸውን ሰብስበው ወለላቸውን አለበሱ። እስከዚህ ድረስ ሙያው የራሳቸው፣ ምንጣፉም የራሳቸው ነበር።

ገበያ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። በሜይን፣ በቢደፎርድ ከተማ፣ ኤድዋርድ ሳንድስ ፍሮስት የሚባል ዞሮ ሻጭ ነጋዴ ሚስቱ ስትሠራ አይቶ፣ በ1860ዎቹ መጨረሻ ገደማ ንድፍ በቆርቆሮ ላይ እየቆረጠ በጆንያ ላይ እያተመ መሸጥ ያዘ። መሣል ለማይችሉ ሴቶች ትልቅ እፎይታ ሆነ። በሌላ ወገን ሲታይ ደግሞ፣ ቀድሞ እያንዳንዷ ከራሷ ሐሳብ ታወጣው የነበረው አበባና እንስሳ በየቤቱ አንድ ዓይነት እየሆነ ሄደ። ቀጥሎም ዞሮ ሻጮች በየመንደሩ እየመጡ በእጅ የተሠራውን ምንጣፍ ወስደው በለውጡ ሊኖሊየም የሚባለውን የፋብሪካ ወለል ምንጣፍ ይሰጡ ጀመር። ሴቲቱ አዲስ ነገር አገኘሁ ብላ ደስ ይላታል፤ የእሷን የክረምት ድካም ግን ሌላው ከተማ ወስዶ ይሸጠዋል።

በኒውፋውንድላንድና በላብራዶር ጠረፍ የሆነው ደግሞ የተለየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልፍሬድ ግሬንፌል በ1892 ወደዚያ ሄደው የሕክምና ሚሲዮን አቋቋሙ። በዚያ አገር ዓሣ አጥማጁ መረቡንና ዱቄቱን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ዓሣውን ለዚያው ነጋዴ ያስረክባል፤ ጥሬ ገንዘብ በዓይኑ የሚያየው ከስንት አንዴ ነው። በ1906 ወይዘሪት ጄሲ ሉተር ከአሜሪካ መጥተው በሴንት አንተኒ የእጅ ሥራ ክፍል ከፈቱ። ሚሲዮኑም የአካባቢው ሴቶች ድሮ የሚያውቁትን የምንጣፍ ሥራ ወስዶ፣ ነጭ ድብና በረዶ ላይ የሚጎትቱ ውሾች እየነደፈ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ይሸጠው ገባ። በኋላም ባለጸጋ ሴቶች የተቀደደ የሐር ስቶኪንጋቸውን እንዲልኩ እየተጠየቁ፣ ሐሩ ቀለም ተነክሮና ተቆርጦ ለዚሁ ዋለ። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ሥራ ክረምቱን እንደተሻገረ አይካድም። ነገር ግን ክፍያው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን ከሚሲዮኑ ልብስ የሚያስወስድ ወረቀት ነበር። በምንጣፉ ጀርባ የሚለጠፈውም የድርጅቱ ስም እንጂ የሠሪዋ አልነበረም። ገዢው ሩቅ ነውና፣ በ1930ዎቹ የኑሮ ድቀት ሲመጣ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ቆይቶም በጦርነቱ ምክንያት ሐሩ ጠፋ።

ከሁሉ የሚያስተምረን ግን የሼቲካን ታሪክ ነው። ሼቲካን በኖቫ ስኮሺያ፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ነዋሪዎቿም ፈረንሳይኛ የሚናገሩ አካዲያውያን ናቸው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሊሊያን በርክ የሚባሉ አሜሪካዊት ሠዓሊ መጥተው፣ ሴቶቹ ለስለስ ባለ ቀለም በተነከረ የሱፍ ክር እንዲሠሩ አስተማሩ፤ ምንጣፉንም ኒውዮርክ ወስደው ይሸጡላቸው ነበር። ሥራው ተሻሻለ፣ ገንዘብም ገባ። ቢሆንም በ1930ዎቹ ሴቶቹ በሠሩት መጠን አልተከፈለንም ብለው ማጉረምረም ጀመሩ፤ ከፊሎቹም ተለይተው ወጡና ራሳቸው ይሸጡ ጀመር። መንገድ በመውጣቱ ጎብኚ በደጃቸው ያልፍ ስለነበር ገዢ አላጡም። በ1963 የእደ ጥበብ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ኤልዛቤት ለፎር የተባሉት የዚያው አካባቢ ልጅም በዚሁ መንጠቆ የሠሯቸው ሥዕሎች ለቫቲካን፣ ለዋይት ሀውስና ለበኪንግሃም ቤተ መንግሥት በቁ፤ እነዚህም በስማቸው ይታወቃሉ።

እንግዲህ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ሁላችንም እንተርታለን፤ ድሩን ማን ይይዘዋል ብለን ግን አንጠይቅም። በሦስቱም ስፍራ ያሉት ሴቶች ሙያ አላነሳቸውም። ልዩነቱ ንድፉን ማን ያወጣል፣ ዋጋውን ማን ይቆርጣል፣ በማንስ ስም ይሸጣል በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ሦስት ነገር እንዲታሰብበት እናሳስባለን። አንደኛ፣ ንድፉ ከራሳችን ቤት ይውጣ፤ መሶብና የጥበብ ጥለት እያለልን የሌላ አገር አበባ መቅዳት የለብንም። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዷ ሥራ በመዝገብ ይስፈር፤ ዋጋውም ሠሪዎቹ ባሉበት ይቆረጥ። ሦስተኛ፣ በምንጣፉ ጀርባ የሠሪዋ ስም ይጻፍ።

አንድ ነገር እንጨምር። ቃጫ እርጥበት አይችልም፤ ከራሰ ይበሰብሳል፣ ሱፉ ደኅና ሳለ ምንጣፉ ከሥር ይበጣጠሳል። ስለሆነም የተገኘው ጆንያ ሁሉ አይወሰድ፤ ያረጀው ይቅር። ጠንከር ያለ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ ከተገኘ ደግሞ ይመረጣል።

የመጀመሪያዎቹ ምንጣፎች ለእድሩ ድንኳን ቢሠሩ መልካም ነው እንላለን። ከሥር ላስቲክ ከተነጠፈ ለቅሶ የሚቀመጡ እናቶቻችን ከብርድ ይድናሉ፤ ሠሪዎቹም እጃቸውን ያፍታታሉ፤ ክፍያውን ግን እድሩ እንደማንኛውም ገዢ ይክፈል። በየቤታችሁ የማይለበስ የሱፍ ኮት፣ ሻርፕ ወይም ብርድ ልብስ ያላችሁ ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው አስረክቡ። የተለየ ሐሳብ ያለው ደግሞ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያቅርብ።